ለትናንሽ ሞዴሎች ተብሎ ስለተሸጠልኝ ነጭ አክሬሊክ ቀለም የቀረበ ቅሬታ

ቀን፦ ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሥዕል ዕቃዎች መሸጫ መደብሩ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ከመደብራችሁ በደረሰኝ የገዛኋቸው ነጭ አክሬሊክ ቀለሞች በጠርሙሳቸው ላይ «ለትናንሽ ሞዴሎች፤ በውሃ የሚቀጥን» የሚል ጽሑፍ ቢኖራቸውም ለዚህ ሥራ ፈጽሞ የማይሆኑ ናቸው። ይህንኑ ለሽያጭ ሠራተኛችሁ ባስረዳ «ውሃ አብዝተውበት ይሆናል» ከሚል መልስ በቀር ስላላገኘሁ ቅሬታዬን በጽሑፍ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

ቀለሙን የገዛሁት የካቲት 23 ለሚከበረው የዐድዋ ድል በዓል በአንድ ትምህርት ቤት ለሚቀርብ ማሳያ ነው። ሞዴሎቹ ቁመታቸው 28 ሚሊ ሜትር የሆነ የ1888ቱ ዘማቾች ምስሎች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ሸማ የለበሱ በመሆናቸው ማሳያው የሚያምረውም የሚበላሸውም በነጩ ቀለም ነው። ነጭ ደግሞ በባሕርዩ አስቸጋሪ ነው። የሚሠራበት የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት ከባድ ስለሆነ ጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣል፤ ወፍሮ ከተቀባ የሸማውን እጥፋት ይደፍናል፤ ከመጠን በላይ ከቀጠነ ደግሞ ከፍ ካለው ቦታ ሸሽቶ እጥፋቱ ውስጥ ይጠራቀምና ሲደርቅ ዙሪያውን ቀለበት ይተዋል። ስለዚህ ጠርሙሱን በደንብ ነቅንቆ፣ ቀለሙን ወተት እስኪመስል አቅጥኖ፣ የብሩሹን ትርፍ በጨርቅ ጠርጎ በስሱ መቀባት፣ ከዚያም ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ መድገም ያስፈልጋል፤ ሳይደርቅ ከተደገመ የላይኛው የታችኛውን ይልጠዋል። እኔም የሠራሁት በዚሁ መንገድ ነው።

ውጤቱ ግን ሻካራ ሆነ። በማጉያ መነጽር ሲታይ የዘማቹ ትከሻ በጥቃቅን እብጠቶች ተሞልቷል። የጃኖው ቀይ ጥለት በዚህ መጠን ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጥ መስመር ነው፤ ብሩሹ እብጠቶቹ ላይ ሲደርስ መስመሩ ይጣመማል፣ ቀዩም በጎን በኩል ወደ ነጩ ይፈስሳል።

የውሃው ጉዳይ እንዳልሆነ በሚገባ አረጋግጫለሁ። በዚያው ቀን ከእናንተው የገዛሁትን፣ ከፋብሪካ እንደታሸገ የመጣውን ቀይ ቀለም በዚያው ብሩሽ፣ በዚያው ውሃ፣ በዚያው ግራጫ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቅብ) ላይ ብቀባው ያለ አንዳች ጭረት እኩል ሆኖ ደረቀ። ነጩን ያለ ውሃ፣ ለአክሬሊክ በተሠራ ማቅጠኛ ብቻ ባቀጥነውም ለውጥ አላመጣም። በመጨረሻ በስስ ናይለን ጨርቅ ሳጠልለው በጣት ቢታሹም የማይሟሙ ጠጣር ቅንጣቶች ጨርቁ ላይ ቀሩ። ውሃ ቢበዛ ቀለሙን ያሳሳዋል እንጂ ጠጣር ቅንጣት አይፈጥርም።

ከዚህ በላይ ያሳሰበኝ የነጩ ጠርሙስ ራሱ ነው። ቀዩ የአምራቹ ስም፣ የተሠራበት አገርና የባች (የምርት ዙር) ቁጥር ሲኖረው፣ ነጩ ላይ ያለው በኮምፒውተር ተጽፎ የተለጠፈ ወረቀት ብቻ ነው፤ ክዳኑም ማሸጊያ አልነበረውም። ይህም ከትልቅ ዕቃ፣ ምናልባትም ከግድግዳ ፕላስቲክ ቀለም፣ ተገልብጦ የተሸጠ እንዳይሆን እንድጠረጥር አድርጎኛል። የግድግዳ ቀለም ለማሟያነት የኖራ ድንጋይ ዱቄት ሊጨመርበት ይችላል፤ ይህም ለግድግዳ አይከፋም፣ የፊቱ ስፋት ከምስር ፍሬ ለማይበልጥ ሞዴል ግን አይሆንም። ጥርጣሬዬ ስሕተት ከሆነ ማስረጃውን ለማየት ዝግጁ ነኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ስለሚደነግግ፣ የምጠይቀው የሚገባኝን ነው።

ስለሆነም የነጩ ቀለም አምራች ማን እንደሆነና በማን እንደታሸገ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ፣ የከፈልኩት ገንዘብ እንዲመለስልኝ፣ የቀሩት ጠርሙሶችም ምንነታቸው እስኪጣራ ድረስ ከመደርደሪያ እንዲነሡ እጠይቃለሁ፤ ከመደብራችሁ የሚገዙ ብዙ ተማሪዎች ስላሉ የመጨረሻውን ጥያቄ በተለይ አጥብቄ አቀርባለሁ። የተቀቡትን ሞዴሎች በአልኮል አጥቤ እንደገና መጀመር ስላለብኝና በዓሉም ስለቀረበ፣ መልሳችሁን እስከ ጥር 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ድረስ እንድታሳውቁኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የደረሰኙ ቅጂ፣ የሁለቱ ጠርሙሶች ፎቶግራፍና ቅንጣቶቹ የቀሩበት ጨርቅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ