ውሃው የሚመጣበትን ሰዓት ንገሩን፣ ቁጠባውን ለእኛ ተዉት

ለአዲስ አበባ የውሃ አገልግሎት ኃላፊዎች

ጉዳዩ፦ የፈረቃ ሰዓት አስቀድሞ እንዲነገረን ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

«ውሃ በቁጠባ እንጠቀም» የሚለውን ምክር ሰምተናል። ክፋት የለውም። ግን ቅር አይበላችሁና፣ በፈረቃ ለሚኖር ሰው ውሃ ቆጥብ ማለት ለቀባሪው ማርዳት ነው።

አንድ በርሜል ውሃ ሳምንት የምታቆይ እናት ቤት ገብታችሁ እዩ። መጀመሪያ ነጩ ልብስ ይታጠባል። በዚያው ውሃ ባለ ቀለሙ ይከተላል፣ ከዚያ ካልሲው፣ ከዚያ የመወልወያው ጨርቅ። የቀረው እጣቢ በባልዲ ሆኖ ሽንት ቤት በር ላይ ይቀመጣል። የሽንት ቤት ገንዳ አንዴ ሲለቀቅ ከ6 እስከ 9 ሊትር ይጨርሳል። ከባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን ከሲሶ ገደማ እስከ ግማሽ የሚጠጋ ማለት ነው። ምስር የታጠበበት ውሃ ደግሞ በረንዳ ላይ ላለችው ጤና አዳም ነው። ይህችን ሴት ማን ስለ ቁጠባ ያስተምራታል?

ይህችው ሴት ግን ውሃ የመጣ ቀን በርሜሉን ትገለብጠዋለች። እንደ ዓይኗ ብሌን ስትጠብቀው የከረመችው ውሃ ግቢው ላይ ይፈሳል። ሞኝ ሆና አይደለም። ውሃው ሰነባብቷል፣ ሽታም ጀምሮታል። አዲሱ ደግሞ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ አታውቅም፤ ቶሎ አጥባ ቶሎ መሙላት አለባት። ሐሙስ እንደሚመጣ እርግጠኛ ብትሆን ኖሮ እኮ ረቡዕ ዕለት ብርድ ልብሱን ታጥብበት ነበር!

የሌሊቱስ? ቧንቧውን ከፍቶ፣ ሥሩ ባልዲ ደቅኖ መተኛት የከተማው ልማድ ሆኗል። ድምፁን ሰምቶ የሚነሳ ይነሳል። እንቅልፍ የጣለው ኩሬ ውስጥ ይነቃል። ኮንዶሚኒየም ላይ ሲሆን ይብሳል፦ የላይኛው ቧንቧውን ሳይዘጋ ሥራ ይሄዳል፣ ውሃው ረፋድ 4 ሰዓት ላይ ይመጣል፣ የታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ ይበሰብሳል፣ ከዚያ ጠብ ነው። ይህ ሁሉ ውሃ የሚባክነው ሰው ግድ ስለሌለው አይደለም። መቼ እንደሚመጣ ስለማያውቅ ነው።

ሥራችሁ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። የለገዳዲና የገፈርሳ ግድቦች የዝናብን እጅ ያያሉ። የአቃቂ ጉድጓዶች ውሃ ሽቅብ የሚወጣው በፓምፕ ነው፤ ያ ደግሞ ያለ መብራት አይሆንም። ስለዚህ ሁልጊዜ ይምጣልን አላልንም። በዋዜማው ማታ አንድ አጭር የስልክ መልእክት ብቻ፦ ነገ በዚህ ሰፈር፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት። ከቀረም እንደቀረ። «አይመጣም» መባልም እኮ መረጃ ነው፤ ሰው ልብሱን ያቆየዋል፣ ጀሪካኑን ይዞ ዘመድ ቤት ይሄዳል።

አንድ ነገር ልጨምር። 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድ 1 ሺህ ሊትር ነው። ጥቂቱ ተፈናጥሮ ቢባክን እንኳ ለሽንት ቤትና ለወለል ሳምንታት ያገለግላል። በየክረምቱ ግን ይህ ሁሉ ከጣሪያ ወርዶ አስፋልቱን ያጥለቀልቃል። አዲስ ለሚሠሩ የጋራ ሕንፃዎች አሸንዳና የዝናብ ማጠራቀሚያ ግዴታ እንዲሆን ግንባታ ፈቃድ ከሚሰጡት ጋር ብትነጋገሩበት ምን ይመስላችኋል? ለመጠጥ አላልኩም።

የመልእክቱን ነገር ለመሞከር መላ ከተማውን መጠበቅ አያስፈልግም። ከአንድ ወረዳ ጀምሩ፣ ለሦስት ወር ይታይ። ሰኔ ሳይገባ ምላሻችሁን ብንሰማ ደስ ይለናል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የከተማዋ ነዋሪ