ዋይፋያችን ላይ ማን ማን አለ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣ ስለ ቤት ዋይፋይ ገጽ እንድትሰጡን ብዬ ነው። ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ እኔ የማውቀው መራገም ነበር፣ አንድ ቀን የወንድሜ ልጅ ብሮውዘር ላይ 192.168.1.1 (የራውተሩን አድራሻ) ብሎ ራውተሩ ውስጥ ገባና ዝርዝሩን ሲያሳየኝ 14 ዕቃ ተገናኝቷል፣ እኛ ቤት ያለነው አራት ሰው!

ዝርዝሩ ግን የቁጥርና የፊደል ጥርቅም ነው፣ ማን የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል። ፊንግ የሚባለውን አፕ ጫንን፣ ቲቪውንና ፕሪንተሩን ወዲያው ለየልን፣ የማክ አድራሻው (ዕቃው ከፋብሪካ ይዞት የሚመጣው መለያ ቁጥር) የመጀመሪያ ግማሽ አምራቹን ስለሚናገር ነው አሉ። ስልኮቹ ናቸው ያስቸገሩን፣ አዳዲሶቹ አንድሮይድና አይፎን እውነተኛ አድራሻቸውን ስለሚደብቁ አንድ በአንድ ዋይፋይ እያጠፋን "የቱ ጠፋ?" ስንባባል አመሸን። ሁለቱ የጎረቤት ልጆች ስልክ ሆኖ ተገኘ (ፓስወርዱን የሰጠቻቸው እናቴ ናት፣ ቡና ላይ)።

ያስደነገጠኝ ግን የበሩ ካሜራ ነው። አፑ ዕቃው ላይ የተከፈተውን አገልግሎትም (ለምሳሌ በብሮውዘር የሚገባበትን ገጽ) ያሳያል፣ የካሜራውን አድራሻ ብሮውዘር ላይ ስጽፈው መግቢያ መጣ፣ ለስሙም ለፓስወርዱም አድሚን ብዬ ስሞክረው ዘው! ስንት ወር እንደዛ እንደነበር እንጃ።

ልጁ ራውተሩን መሀል አድርጎ ሁሉንም በመስመር እያገናኘ ወረቀት ላይ ሳለውና ፍሪጅ ላይ ለጠፈው፣ እናቴ የገባት ያኔ ነው። ራውተር የሚገጥሙልን ልጆች ይቺን አምስት ደቂቃ ቢያሳዩን ምን ነበረበት?

አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ