ካርታው ከመጽደቁ በፊት

ውድ ጓደኛዬ፣

እንዴት ነሽ? ቤተሰቡ ሁሉ ደህና? ይህን ያህል ጊዜ ተጠፋፍተን እንከርማለን ብዬ አስቤም አላውቅ። በቀደም የላክሽው መልእክት በጣም ደስ አሰኘኝ። የመንደራችሁ የመሬት አጠቃቀም ዕቅድ ኮሚቴ ውስጥ መግባትሽ ትልቅ ነገር ነው። አንቺ ያልገባሽን ሳትጠይቂ የማታልፊ ሰው ነሽ፤ እዚያ የሚፈለገውም እንዲህ ያለ ሰው ነው።

ለሰደድ እሳት ስንት የእሳት አደጋ መኪና እንደሚበቃችሁ ጠይቀሽኛል። መኪናውስ ያስፈልጋል። ግን የተራራ ላይ መንደር ዕጣ የሚወሰነው ማን የት ቤት ይሥራ ሲባል ነው፤ እሳቱ ከመነሳቱ ከዓመታት በፊት ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ካርታውን ዘርጊው።

ተዳፋቱን እይ። እሳት ዳገት ላይ ይበረታል፤ ነበልባሉ ከፊቱ ያለውን ሣርና ቁጥቋጦ አስቀድሞ ያሞቀዋል፣ ያደርቀዋል። ተዳፋቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የእሳቱ ፍጥነት እጥፍ ገደማ ይሆናል ይላሉ ባለሙያዎች። ፈፋና ጠባብ ሸለቆ ደግሞ እንደ ጭስ ማውጫ ወደ ላይ ይስቡታል። ሰው ደግሞ ቤት መሥራት የሚወደው እዚያው ፈፋው የሚያበቃበት አፋፍ ላይ ነው፤ እይታው ስለሚያምር። እዚያ ላይ ፈቃድ ሲጠየቅ በርቺና ተከራከሪ። ቢያንስ ቤቱ ከአፋፉ ወደ ውስጥ ይግባ።

መንገዱንም አደራ። ፓራዳይዝ የምትባለውን የካሊፎርኒያ ከተማ ታስታውሻት ይሆናል። በሸለቆዎች መሃል፣ ተረተር ላይ የተቆረቆረች ናት። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 8 ቀን 2018 ጠዋት እሳት ደረሰባት። 85 ሰው ሞተ፤ ከ18,000 በላይ ቤትና ሌላ ግንባታ ወደመ። ከተማዋ ነዋሪውን በቀጠና በቀጠና የማስወጣት ዕቅድ ነበራት። ግን መውጫዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም በአንዴ ሲወጣ ተዘጋጉ። መኪናቸው ውስጥ እንዳሉ የሞቱ አሉ። ስለዚህ አንድ መውጫ ብቻ ላለው ሰፈር ተጨማሪ ቤት መፍቀድ ልክ አይደለም። ሁለተኛው መንገድ ይቅደም።

ከዚያ እሳት በኋላ የተነሱ ፎቶዎች አሉ፤ ስታገኚ በደንብ እያቸው። ቤቱ ዐመድ ሆኗል፣ መሠረቱ ብቻ ቀርቷል። አጠገቡ የቆመው ጥድ ግን አረንጓዴ ነው! ቤቱን የበላው ከጫካው የመጣ የነበልባል ግንብ አይደለም። ፍንጣሪው በነፋስ ተጭኖ ከእሳቱ ቀድሞ ይወርዳል፤ አንዳንዴ ከኪሎ ሜትር በላይ። አሸንዳ ውስጥ የተጠራቀመ ደረቅ ቅጠል ወይም ግድግዳ ሥር የተከመረ እንጨት ካገኘ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ የሚነደው ቤት ራሱ የጎረቤቱን ቤት ያቀጣጥላል። የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበረው ጃክ ኮኸን ለዓመታት የተናገረው ይህንኑ ነው፦ ወሳኙ ቤቱና በዙሪያው ያለው 30 ሜትር ገደማ ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ ተስፋ ነው፤ ጫካውን ሁሉ ማስተዳደር ባንችል እንኳ ግቢያችን በእጃችን ነው።

እናም ደንቡ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ። ጣሪያው የማይነድ ይሁን። የአየር ማስገቢያው 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ቀዳዳ ባለው የሽቦ ወንፊት ይሸፈን። ከግድግዳው ጀምሮ 1.5 ሜትር ድረስ ጠጠር እንጂ ምንም የሚቀጣጠል ነገር አይኑር።

"እንግዲያውስ ዛፉን ሁሉ እንቁረጠው" የሚል አይጠፋም። እንዳትሰሚው። የተራቆተ ተዳፋት ዝናብ ሲመጣ ይናዳል። ከሥር ያለውን ደረቅ ቁጥቋጦ ማሳሳትና የታችኛውን ቅርንጫፍ መመልመል ሌላ ነገር ነው። በጫካውና በቤቶቹ መሃል ደግሞ ግጦሽ፣ ውሃ የሚጠጣ የአትክልት ቦታ ወይም የኳስ ሜዳ ቢሆን ሰውም ይጠቀምበታል፣ እሳትም ይገታል። ግን በየዓመቱ የሚጸዳበት በጀት ይመደብለት፤ ካልተጸዳ መልሶ ጫካ ይሆናል።

የሚከብድሽ ከባለመሬቶቹ ጋር ያለው ነገር ነው። መሥራት አትችልም የተባለ ሰው ይቆጣል፣ እውነቱንም ነው። ምትክ ቦታ ወይም ካሳ ሳይዘጋጅ ክልከላው ብቻ እንዳይወጣ ታገይ። ያለዚያ ሰውም ዕቅዱን ይጠላዋል፣ በጎን ተሠርቶ ያድራል።

ረቂቁን ከነካርታው ላኪልኝ። የማጽደቂያው ስብሰባ መቼ እንደሆነም ጻፊልኝ፤ ከዚያ በፊት ደውዬ አብረን እናየዋለን።

ያንቺው ጓደኛ