ሙሉ ድንች በኤር ፍራየር ሲጠበስ በፎይል አይጠቅለል

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

ሙሉ ድንች በፎይል ተጠቅልሎ ኤር ፍራየር ውስጥ ይግባ የሚለው በሰፊው የሚሰጥ ምክር ሊታረም ይገባዋል እላለሁ። መሣሪያው የሚያበስለው ትኩስ አየርን በማራገቢያ በምግቡ ዙሪያ በማዘዋወር ስለሆነ፣ ፎይሉ አየሩን ይከለክላል፤ እንፋሎቱንም አፍኖ ልጣጩን ያረጥበዋል። 200 ግራም ገደማ የሚመዝን ድንች በደንብ ታጥቦ፣ በጨርቅ ደርቆ፣ በሹካ ከተወጋጋና ዘይትና ጨው ከተቀባ በኋላ በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይበቃዋል፤ ቢላዋ እስከ መሃሉ ያለ ችግር ከገባ በስሏል። እንደወጣ ወዲያው ተሰንጥቆ እንፋሎቱ ይውጣለት፤ ለእኔ ከንጥር ቅቤና ከሚጥሚጣ የተሻለ ማባያ የለውም። ጥሬ ድንች ፍሪጅ ውስጥ ማስቀመጥም አይመከርም፤ በቅዝቃዜ ስታርቹ ወደ ስኳር ስለሚለወጥ ሲጠበስ ቶሎ ይጠቁራል። የምግብ ዓምዳችሁ ይህንን ለአንባቢያን እንዲያብራራ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ