ሲዲያችሁን ከማስጫናችሁ በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

እንደምን ከረማችሁ። ጋዜጣችሁ እኛ ጋ ደብረ ማርቆስ እስኪደርስ ቀኑ ቢያልፍበትም ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበልን ነው ምናነበው፣ ደብዳቤ ስጽፍላችሁ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ስለ ኑሮ ውድነትም ስለ መንገዱም አደለም ምጽፈው፣ ስለ ሲዲ ነው። ሲዲ ስል ዲቪዲውን ማለቴ ነው፣ መቼም እኛ ጋ ክብ ሆኖ ሚያብለጨልጭ ነገር ሁሉ ስሙ ሲዲ ነው።

እህቴ በ2001 ጥር ላይ ደምበጫ ስትዳር ካሜራ ማን ተቀጥሮ ሰርጉ ከነምልሱ ከነቅልቅሉ ተቀርጿል፣ በሶስት ዲቪዲ ተደርጎ ነው የመጣልን። የመጀመሪያው ላይ ምሳ ከተበላ በኋላ አባቴ ዳሱ መሃል ብድግ ይልና ጋቢውን አጣፍቶ ዱላውን ወደ ላይ ይዞ ያቅራራል፣ እንግዲህ የጎጃም አባት ልጁን ሲድር ዝም ብሎ አይቀመጥም ታውቁታላችሁ፣ ሚዜዎቹ ሳይቀሩ ወደ ኋላ ሲያፈገፍጉ አንዲት ህጻን ደሞ ደንግጣ የሰው ጠላ ስትደፋ ሁሉ ይታያል። አራት ደቂቃ ቢሆን ነው። አባቴ በ2009 አረፈ፣ ድምጹ ያለበት ነገር ከዚያች ሲዲ ሌላ አልነበረንም።

ዴኩ ከተበላሸ ቆይቷል፣ ቲቪው ግን ፍላሽ ይቀበላል። እናቴ በፋሲካ ሰሞን "እስቲ አባትህን አምጣልኝ" አለችኝና ሲዲዋን ይዤ ፊልም ሚጭኑ ልጆች ጋ ሄድኩ፣ የትኛው ቤት እንደሆነ አልናገርም፣ ልጁም ክፉ ልጅ አደለም። ነገ ና አለኝ። በማግስቱ ፍላሹን ሰጠኝና ሲዲዋን ደሞ "ይቺ ካሁን በኋላ ምን ታደርግልሃለች፣ ልጣልልህ?" አለኝ። እግዜር ይስጠው ጠየቀኝ እንጂ ዝም ብሎ ቢጥላት ኖሮ ምጽፍላችሁ ደብዳቤ ሌላ ነበር።

ቤት ሄጄ ቲቪው ላይ ሰካሁት። እህቴ ወደ ጎን ተለጥጣ ድንች አክላለች። አባቴ ጋ ስንደርስ ድምጹ ቀድሞ ያቅራራል አፉ ከኋላ ይከተላል፣ ፊቱ ደሞ አራት አምስት ካሬ ቡኒ ነገር ነው በቃ። እናቴ ዝም ብላ አየችና "ይሄ ማነው?" አለች።

ማታውኑ ፋይሉን ላፕቶፕ ላይ ከፈትኩት። ለድሮ ሞባይል በሚሆን በ3ጂፒ ነው የተሰራው፣ ስፋቱ 176 በ144 የምስል ነጥብ። ዲቪዲው 720 በ576 ነው እኮ፣ አባዝታችሁ እዩት፣ ከየአስራ ስድስቱ ነጥብ አስራ አምስቱ ተጥሎ አንዱ ነው የተረፈልኝ። ልጁ ምናልባት ፍላሹ እንዳይሞላብኝ አዝኖልኝ ይሆናል።

ማሳነሱ ራሱ ጥፋት ነው እያልኩ አደለም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ። ያኔ ሰርግ ሚቀረጸው በሚኒ ዲቪ ካሴት ነበር፣ የአንድ ሰአት ካሴት ኮምፒውተር ላይ ሲገለበጥ ወደ 13 ጊጋ ይሆናል፣ ስለዚ ዲቪዲው ራሱ ተጨምቆ የመጣ ቅጂ ነው። ዲቪዲ ሚጨምቅበት መንገድ ደሞ ኤምፔግ 2 ሚባል እንደነሱ አቆጣጠር የ1990ዎቹ የፈረንጅ ስራ ነው፣ ከሱ በኋላ በ2003፣ ይሄም እንደነሱ አቆጣጠር፣ ኤች 264 ሚባል መጣ፣ ያንኑ ምስል ከግማሽ ባነሰ ቦታ ይይዘዋል አይንም ልዩነቱን እምብዛም አይለየውም። ዋናው እንዴት እንደሚሰራ ነው፣ ያንን ደሞ ልጁ ቢጠየቅ ይችለዋል፣ ጠያቂ የለም እንጂ፣ እኔም "ፍላሽ ላይ አድርግልኝ" ከማለት ሌላ ምንም አላልኩትም።

እኔ በመጨረሻ ቤቴ ነው የሰራሁት። ሃንድብሬክ ሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፣ አንድ ጓደኛዬ ባህር ዳር በነበረበት ጊዜ በፍላሽ አመጣልኝ፣ እኛ ጋ ዳታ ያልነበረባቸው ወራት ስለነበሩ አንድ ነገር ሲገኝ በፍላሽ መቀባበሉን ለምደነዋል። መጀመሪያ ሲዲዋን በንጹህ የጥጥ ጨርቅ ጠረግኳት፣ አጠራረጉ ከመሃል ቀዳዳው ወደ ጠርዝ በቀጥታ ነው እንጂ እንደ ምጣድ እየዞሩ አደለም፣ ምክንያቱም ምስሉ የተጻፈው ዞሮ ዞሮ ስለሆነ ዙሪያውን ምትጭሩት ጭረት አንዱን መስመር ተከትሎ ይሄድና አንባቢው ማለፍ ያቅተዋል፣ ከመሃል ወደ ውጭ የሆነ ጭረት ግን ቶሎ ይሻገረዋል። በጥርስ ሳሙና ሚያሹ ሰዎች አሉ፣ እኔ ለአባቴ ድምጽ አልሞክረውም።

ከዛ ቪዲዮ ቲኤስ ሚለውን ፎልደር እንዳለ ወደ ላፕቶፑ ገለበጥኩት። ውስጡ ቪኦቢ ሚባሉ አንድ አንድ ጊጋ ሚሆኑ ፋይሎች ናቸው፣ አንዳንዱ ሰው እነሱን አንድ በአንድ እየቀየረ ሰርጉን አራት ቦታ ይቆራርጠዋል፣ አያስፈልግም፣ ፎልደሩን ሙሉውን ለፕሮግራሙ መስጠት ነው እሱ ራሱ አገጣጥሞ ያነበዋል። ሲዲው ላይ 4.7 ጊጋ ተብሎ ተጽፎ ኮምፒውተሩ 4.37 ነው ሚለው፣ ተሰርቄ ነው ብዬ ነበር፣ አቆጣጠራቸው ስለሚለያይ ነው አሉኝ።

ሴቲንጉ ላይ ብዙ ነገር አለ ግን መነካት ያለበት ትንሽ ነው። የፋይሉን አይነት ኤምፒ4፣ መጭመቂያውን ኤች 264 አድርጉት፣ አዲሱ ኤች 265 ይበልጥ ያሳንሳል ግን ቆየት ያለ ቲቪ አያነበውም፣ የናቴ ቲቪ ድምጹን ብቻ ነው ያሰማት። ጥራቱን ሚወስን አርኤፍ ሚባል ቁጥር አለ፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ምስሉ ይጠራል ፋይሉም ይተልቃል፣ ለዲቪዲ 20 አካባቢ ደህና ነው። ስፋቱን እንዳለ ተዉት፣ ካሜራው ያላየውን ፕሮግራሙ ፈጥሮ አያመጣውም፣ ወደ 1080 መለጠጥ ቦታ መፍጀት ብቻ ነው። የምስሉ ወርድ ከቁመቱ ጋር 4 ለ 3 መሆኑን ደሞ እዩት፣ እህቴን ድንች ያደረጋት እሱ ነው፣ ዲቪዲ ላይ ያለው ነጥብ ትክክለኛ ካሬ ስላልሆነ ምጥጥኑ ለብቻው ካልተነገረው ይለጠጣል ወይ ይቀጥናል።

የድሮ ሰርግ ሲዲ ላፕቶፕ ላይ ስትከፍቱት ሰው እጁን ባነሳ ቁጥር የእጁ ጠርዝ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። ስለሱ ትንሽ ልበል ምክንያቱም ብዙ ሰው ሲዲው ተበላሽቶ ነው ብሎ ሚጥለው በሱ ነው። የድሮ ካሜራ አንዱን ምስል አንድ ላይ አያነሳም፣ መጀመሪያ አንዱን መስመር እየዘለለ ግማሹን ይወስዳል ቀጥሎ የተዘለሉትን ይወስዳል፣ በሰከንድ 50 ግማሽ ማለት ነው። በሁለቱ ግማሾች መሃል አባቴ ዱላውን አንቀሳቅሷል፣ ስለዚ አንድ ላይ ሲሰፉ ዱላው ሁለት ቦታ ላይ ይሆንና ጠርዙ ይሰነጣጠቃል። የድሮው ቲቪ ሁለቱን በየተራ ስለሚያሳይ አይታወቅም ነበር። ሃንድብሬክ ላይ ዲኢንተርሌስ ሚለውን ማብራት ነው፣ በቃ ይጠፋል።

ማታ ጀምሬው ተኛሁ፣ ሌሊት መብራት ጠፋ፣ የላፕቶፔ ባትሪ ደሞ ሞቶ የተቀበረ ነው። ኤምፒ4 መሃል ላይ ከተቋረጠ እስከዛ የተሰራውም ጭምር አይከፍትም፣ ማውጫውን ሚጽፈው መጨረሻ ላይ ነውና፣ እንደገና ከዜሮ። በሶስተኛው ቀን ነው የተሳካልኝ። አራት ጊጋው 1.3 ጊጋ ሆነ። እናቴን ጠርቼ ከፈትኩላት፣ አባቴ ተነሳ፣ ጋቢው ላይ ያለው ጥለት እንኳ ይለያል፣ እናቴ ወደ ቲቪው ቀረብ ብላ "ያቺን ጋቢ እኮ እኔ ነኝ የፈተልኳት" ብላ ሳቀች። ለእህቴም በቴሌግራም ላክሁላት፣ እዚህ ላይ ግን እንደ ቪዲዮ ሳይሆን እንደ ፋይል አድርጋችሁ ላኩ፣ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ቴሌግራም ራሱ ድጋሚ ይጨምቀዋል፣ በፋይል ግን እስከ 2 ጊጋ እንዳለ ያደርሳል።

የገበያ ፊልም ሲዲ ያላችሁ ደሞ ሌላ ነገር ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል አለ፣ የሰው ፊልም እያባዙ መሸጥ ያስጠይቃል፣ የኛ ሀገር ፊልም ሰሪዎች በቪሲዲ ኮፒ የደረሰባቸውን ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ማወራው የራሳችሁን ሰርግ፣ ክርስትና፣ ተስካር፣ ምርቃት ነው። እሱን ከናንተ ሌላ ያስቀመጠው ማንም የለም፣ ከእህቴ ቤት ሲዲ ከጠፋ ደምበጫ ከነዳሱ ጠፋ ማለት ነው።

ለዚህም ነው የቸኮልኩት። ካሜራ ማኖቹ የሰጡን ሲዲ ፋብሪካ ታትሞ የወጣ አደለም፣ ኮምፒውተር ላይ ተቃጥሎ የተሰራ ነው፣ ውስጡ ቀለም ነገር አለ ሌዘሩ እሱን እያጠቆረ ነው ሚጽፈው፣ ያ ቀለም ጸሀይና ሙቀት አይወድም። ሶስተኛው፣ የቅልቅሉ ሲዲ፣ ቡፌው ላይ ከመስኮቱ ፊት ለፊት ነበር የተቀመጠው፣ ለጌጥ፣ ከላዩ የሙሽሮቹ ፎቶ ስለተለጠፈበት። ፎቶው ወይቧል፣ ሲዲው 37ኛው ደቂቃ ላይ ይቆማል። በሶስት ላፕቶፕ ሞከርኩት፣ አንባቢ ካንባቢ ይለያያልና አንዱ ሌላው ያቃተውን ሊያነብ ይችላል፣ አንደኛው እስከ 41 ወሰደኝ። ዲዲሬስኪው ሚባል የሊኑክስ ፕሮግራም ደሞ አለ፣ መጀመሪያ ደህናውን ደህናውን ለቅሞ ይወስድና ወደተበላሸው ተመልሶ ደጋግሞ ይሞክራል፣ ሁለት ሌሊት አስነበብኩት፣ ትንሽ ጨመረልኝ። ከ44 በኋላ ግን ያለው አያቴ ሙሽሮቹን ስትመርቅ ነው፣ እሱ የለም።

ዝግጅት ክፍሉን ምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የቴክኖሎጂ ገጻችሁ ላይ ስለ አዲስ ስልክ ብቻ ከምትጽፉ አንድ ቀን የፎቶ ቤትና ሲዲ ቤት ልጆችን አነጋግሩልኝ፣ ሰው ሰርጉን ሲያመጣላቸው በ3ጂፒ እንዳይሰሩበት፣ ሲዲውንም ልጣልልህ እንዳይሉት። እኔ ሁለቱን ሲዲዎች ከቀየርኩም በኋላ ከመስኮት አርቄ ሳጥን ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ፣ ፋይሉም አንዱ እዚህ አንዱ ወንድሜ ቤት ባህር ዳር ነው ያለው።

ሁለተኛው የራሴ ጉዳይ ነው። ካሜራ ማኑን አፈላልጌ ፍኖተ ሰላም አገኘሁት፣ አሁን ባጃጅ ነው ሚነዳው፣ ካሜራውን ሸጦታል ካሴቶቹን ግን አልጣለም፣ ካርቶን ሙሉ፣ የእህቴ ስም የተጻፈባቸው አራት ናቸው። በነጻ ሰጠኝ፣ ከኔ ጋ ናቸው። ማጫወቻ ነው ያጣሁት። ሚሰራ የሚኒ ዲቪ ካሜራ፣ ከኮምፒውተር ጋር ከሚያገናኘው ከነፋየርዋየር ገመዱ ከሆነ ደሞ ይበልጥ፣ ያለው አንባቢ ጎጃም ውስጥ ካለ፣ ሞጣም ይሁን ቡሬ ወይ ዳንግላ፣ እኔ ራሴ ካሴቱን ይዤ እመጣለሁ፣ ካሜራው ከቤቱ አይወጣበትም። አድራሻዬን ለዝግጅት ክፍሉ ትቻለሁ።

አንባቢያችሁ
ከደብረ ማርቆስ