አክሲዮኑን ከሃብሉ ጋር አታምታቱብን

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

ባለፈው ሳምንት ብር ሲወርድ የወርቅ ማዕድን አክሲዮን ጥሩ መሸሸጊያ ነው የሚል ጽሑፍ አውጥታችኋል። እህቴ ከአዲስ አበባ በቴሌግራም ላከችልኝ። ከሥሩ «ከምትልክልኝ ላይ እየቀነስክ ግዛልኝ» ብላ ጽፋለች።

ጭንቀቷ ይገባኛል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከመልቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ። ለልጇ ትምህርት ቤት ያጠራቀመችው ብር ቁጥሩ አልጎደለም፤ የመግዛት አቅሙ ግን ዓይኗ እያየ ሟሟ።

እናታችን እንዲህ ያለውን ጊዜ በሃብሏ ነበር የምታልፈው። ፒያሳ ወርቅ ቤት ትወስደዋለች። ሰውዬው ድንጋይ ላይ ፋቅ አድርጎ ይፈትነዋል፣ ይመዝነዋል፣ በዕለቱ የግራም ዋጋ ያሰላል። የእጅ ዋጋው ይቀራል፤ ወርቁ ግን ወርቅ ነው። ሃብል ዕዳ የለበትም፣ ከመንግሥት ጋር ክርክር የለበትም።

አክሲዮን ግን የድርጅት ድርሻ ነው። አንድ ማዕድን አውጪ ድርጅት አንድ አውንስ (31 ግራም ገደማ) ወርቅ ለማውጣት 1,500 ዶላር ያወጣል፣ በ2,000 ይሸጣል እንበል። ትርፉ 500 ነው። ወርቅ 10 በመቶ ወርዶ 1,800 ሲገባ ትርፉ 300 ይሆናል። 40 በመቶው ሄደ ማለት ነው! ወርቅ ሲወጣም ትርፉ በዚያው ልክ ይዘላል። እናንተ ያሳያችሁን መውጫውን ብቻ ነው።

መውረጃውን እኔ አይቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2011 ወርቅ 1,900 ዶላር አካባቢ ሲደርስ የአንድ ማዕድን አውጪ አክሲዮን ገዛሁ። የአራት ወር የትርፍ ሰዓት ክፍያዬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 መጨረሻ ወርቅ 1,050 አካባቢ ወረደ፤ ይህ 45 በመቶ ገደማ ነው። የትልልቅ ማዕድን አውጪዎችን አክሲዮን በአንድ ላይ የያዘው የታወቀው ፈንድ (የብዙ ሰው ገንዘብ የሚገባበት የጋራ ቋት) ግን እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ ዋጋው ከጫፉ 80 በመቶ ያህል ወርዶ ነበር። የእኔማ ከዚያም ባሰ። ሌሊት ከሥራ ስገባ መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ ስልኬ ላይ ቀዩን ቁጥር አያለሁ። ለባለቤቴ ሳልነግራት አንድ ዓመት ቆየሁ።

አገር ገንዘብ ሲያጥረው ዓይኑ ወርቁ ላይ እንደሚያርፍም አልጻፋችሁም። ማሊ ባሪክ ከተባለው የካናዳ ወርቅ አውጪ ኩባንያ ጋር ስትካረር እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ወርቁን ከማዕድኑ በሄሊኮፕተር ጭና ወሰደች። ኩባንያውም እዚያ ማዕድን ላይ ሥራ አቆመ። በዓለም ገበያ ወርቅ ሽቅብ በሚወጣበት ጊዜ ነው ይህ የሆነው።

የአገር ገንዘብ መውደቅ ማዕድን አውጪን የሚጠቅምበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። ደመወዝ በአገሩ ገንዘብ ይከፍላል፣ ወርቁን በዶላር ይሸጣል። ይህን ግን ለማወቅ የዚያን ድርጅት ሂሳብ ማየት ያስፈልጋል።

ለእህቴ የመለስኩላት ይህን ነው። «እኔ ጋ ያለው ገንዘብ ገና ዶላር ነው፤ የብሩ መውረድ አልነካውም። የልጅሽ ክፍያ መስከረም ላይ ነው። እስከዚያ ባንክ ላስቀምጥልሽ።» እሺ ብላለች።

እናንተም በሚቀጥለው ጊዜ የኩባንያ ስም ስትጠሩ አንድ አውንስ በስንት እንደሚያወጣ፣ ስንት ዕዳ እንዳለበትና ማዕድኑ የት አገር እንደሆነ አብራችሁ ጻፉልን። ብሩ ያስደነገጠው ሰው ነው የሚያነባችሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ