ባለሀብቱ ምን ሠርቶ ነው የሚያድረው?

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ሳምንት ስለ ተከታታይ ድራማዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። ጸሐፊው የቦርድ ስብሰባና የሥልጣን ሽኩቻ የሞላበትን የሀብታሞች ድራማ አሜሪካኖች በቅርቡ የጀመሩት አድርጎ አቅርቦታል። እንግሊዞች ግን ይህን ከስልሳ ዓመት በፊት ሠርተውታል። ያውም በጥቁርና ነጭ።

የምለው ጆን ዋይልደር ስለሚባል የድራማ ገጸ ባሕርይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ኤቲቪ የተባለው የንግድ ጣቢያ «ዘ ፕሌን ሜከርስ» የሚል ተከታታይ ድራማ ጀመረ። የፈጠረው ዊልፍሬድ ግሬቶሬክስ ነው። ታሪኩ ስኮት ፈርሎንግ በሚባል የአውሮፕላን ፋብሪካ ውስጥ ነው። መጀመሪያ ላይ ወዛደሩም አለቃውም እኩል ይታዩ ነበር። ውሎ አድሮ ግን ሥራ አስኪያጁ ዋይልደር መድረኩን ጠቀለለው። በ1965 «ዘ ፓወር ጌም» በሚል አዲስ ስም ቀጠለና እስከ 1969 ድረስ 39 ክፍሎች ተላለፉ።

ዋይልደር ሥልጣን የማይጠግብ ሰው ነው። ሴት አውልም ነው። ከፋብሪካው ወጥቶ ባንክ ውስጥ የተከበረ ወንበር ሲሰጡት ይሰለቸዋል። የሰር ማዕረግ ይዞ የብላይ ቤተሰብ የግንባታ ድርጅት ውስጥ ይገባል። አባትየው ካስዌል ብላይ ወንበሩን መልቀቅ አይፈልግም። ልጁ ኬኔት ደግሞ ድርሻው እንዲሰጠው ይፈልጋል። ዋይልደር በሁለቱ መሀል ይሰነቀራል። ድራማው የሚጣፍጠው እዚህ ላይ ነው። ማንም ሽጉጥ አይመዝም። መሣሪያቸው ስልክ፣ የስብሰባ አጀንዳና በሰዓቱ የተደረገ ዝምታ ነው።

ዋይልደርን የተጫወተው ፓትሪክ ዋይማርክ ነው። ድምፁን ብቻ መስማት ይበቃል። በ1964 ስለ ቸርችል በተሠራ ዘጋቢ ፊልም ላይ የቸርችልን ንግግር በድምፁ ያቀረበው እሱ ነበር። ድራማው ካለቀ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1970፣ ሜልቦርን ውስጥ በ44 ዓመቱ ሞተ። ያሳዝናል።

ሴቶቹም ለጌጥ የገቡ አይደሉም። ባርባራ መሪ የተጫወተቻት ሚስቱ ፓሜላ የባሏን ነገር አሳምራ ታውቃለች። ጥግ ይዛ አታለቅስም። አንዲት ቃል ወርውራ ትወጋዋለች። ውሽማው ሱዛን ዌልደን ደግሞ የራሷ ሥራና የራሷ ጭንቅላት ያላት የመንግሥት ሠራተኛ ናት። ሮዝሜሪ ሊች ናት የሠራቻት። የሰውየው ውሸት ሁለቱን ምን እንደሚያስከፍላቸው እናያለን። ደራሲዎቹ አላሞካሹትም፤ በመብረቅ አስመትተውም አልገላገሉንም።

እኔን ከሁሉም በላይ የገረመኝ ግን ሥራው ነው። ዋይልደር ምን እንደሚሠራ እናውቃለን። አውሮፕላን ለማን ሊሸጥ እንደሚሯሯጥ፣ የመንግሥት ገንዘብ ለማግኘት የማንን በር እንደሚያንኳኳ፣ ማንን ጠልፎ እንደሚጥል እናያለን። ይህ ከእንግሊዝ የዚያን ጊዜ ኑሮ የተቀዳ ነበር። ኮንኮርድን፣ ከድምፅ የሚፈጥነውን የመንገደኞች አውሮፕላን፣ ከፈረንሳይ ጋር ለመሥራት የተፈራረሙት በ1962 ነው። በሚያዝያ 1965 ደግሞ የሃሮልድ ዊልሰን መንግሥት ቲኤስአር ሁለት የተባለውን የጦር አውሮፕላን ፕሮጀክት ሰረዘው። በኅዳር 1967 የፓውንድ ዋጋ ከ2.80 ዶላር ወደ 2.40 ዶላር ዝቅ ተደረገ። የወጪ ንግድ የመንግሥት ሁሉ ጭንቀት ነበር። በመጨረሻው ዙር ዋይልደር የአገሩ የንግድ አምባሳደር መሆኑ ለዚህ ነው። ተመልካቹ ማታ በዜና የሰማውን ጭቅጭቅ በድራማው ውስጥ ሰው ሆኖ ያየው ነበር።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። በብዙ የአማርኛ ድራማዎቻችን ውስጥ ባለሀብቱ ቪላ አለው። ቪኤይት ይነዳል። ወጣት ሴት ያማግጣል። ሚስቱ ስትደውል «ስብሰባ ላይ ነኝ» ይላታል። ያንን ስብሰባ ግን እውነት ሆኖ እንኳ አንድ ቀን አናየውም። ምን እንደሚያስመጣ፣ ምን እንደሚሸጥ፣ ለማን ዕዳ እንዳለበት ሳናውቅ ድራማው ያልቃል። ስለዚህ ሲወድቅም አይደንቀንም፤ ከምን ላይ እንደወደቀ አናውቅማ!

ታሪክ ጠፍቶ አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ድረስ የውጭ ምንዛሪ ወረፋ ነበር። ኤልሲ፣ ማለትም ባንክ ለዕቃ ላኪው የሚሰጠውን የክፍያ ዋስትና፣ ለማስከፈት መንከራተት አለ። ጉምሩክ የተያዘ ዕቃ፣ ለባንክ መያዣ የሆነ የአባት ቤት፣ በአንድ ፊርማ የታገደ ጨረታ አለ። ነጋዴ ዘመድ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሰው የሚዋደደውም የሚካካደውም እዚያ ውስጥ እየዋለ ነው።

«በጀት የለንም» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። የዋይልደርን ድራማ ዲቪዲ የገዛሁት እዚህ ለንደን ከአንድ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ነው። ብዙው ትዕይንት ስቱዲዮ ውስጥ የተቀረጸ ነው፤ ቢሮ፣ ሳሎን፣ የስብሰባ ክፍል። ስለ አውሮፕላን ፋብሪካ በሆነ ድራማ ውስጥ እንኳ ከአውሮፕላኑ ይልቅ ጠረጴዛው ነው የሚበዛው። ወጪ ሳይሆን ሥራውን ጠንቅቆ ያጠና ደራሲ ነው የጠየቃቸው።

ስለዚህ አንድ ልመና አለኝ። የድራማ ደራሲያንን ቃለ መጠይቅ ስታደርጉ፣ ስለ ተዋናዮቹ ውበትና ስለ ፍቅር ታሪኩ ከመጠየቃችሁ በፊት ይህን ጠይቁልን፦ ባለሀብታችሁ ጠዋት ቢሮ ገብቶ መጀመሪያ የሚደውለው ለማን ነው? ምን ፈልጎ?

አክባሪ አንባቢያችሁ፣
ከለንደን